ባጫ ጉደታ የቆረጠው

የአንድ ሰው ዕድሜ ስንት ነው? በዓመት መቁጠሩን ማንም ያውቅበታል። እኔ የምጠይቀው ተጠራቅሞ በእጅ ቢያዝ ምን ያህል ይሆናል ብዬ ነው። ዩኒቨርሲቲ በቆየሁባቸው ዓመታት ለዚህ ጥያቄ ትልልቅ ሰዎች የሰጧቸውን ትልልቅ መልሶች አንብቤአለሁ፤ ዛሬ ሰማንያን ስጠጋ አብዛኞቹ ከጭንቅላቴ ጠፍተዋል። አልጠፋ ያለኝ አንድ ትንሽ መልስ ነው። የሰጠኝም ኮልፌ ግቢው ውስጥ አንዲት ክፍል አከራይቶኝ የነበረ ባጫ ጉደታ የሚባል ሰው ነው። የእሱ አርባ ስድስት ዓመት ከአንድ የስንዴ ፍሬ ውፍረት ብዙም አይበልጥም። ይህን የምለው ላሳንሰው አይደለም፤ መለኪያውን አበጅቶ ያሳየኝ ራሱ ነው።

ያኔ አንቱ እለው ነበር። አሁን በዕድሜ እጅግ በልጬው ስለሄድኩ «እሱ» ብዬ ብጽፈው የሚቀየመኝ አይመስለኝም።

ባጫ የተወለደው ከቀራንዮ መድኃኔ ዓለም ቁልቁል ወረድ ብሎ፣ ቤት ሳይበዛበት ባሕር ዛፍ ብቻ በነበረበት ቦታ ነው። አባቱ እንጨት ቆራጭ ነበር። የራሱ ደን አልነበረውም፤ ባለመሬቶች ሲጠሩት መጥረቢያውን ትከሻው ላይ አድርጎ ይሄዳል። ልጁ ከእሱ ሁለት ነገር ተማረ። አንዱ የዛፍን ዕድሜ ጉቶው ላይ ካሉት ክብ ክብ መስመሮች መቁጠር ነው። ሌላው ባሕር ዛፍ ሲቆረጥ እንደማይሞት ነው። ጉቶው በክረምቱ አምስት ስድስት ቀንበጥ ያወጣል፤ ደህና ደህናውን ትተው የቀረውን ይመለምሉታል፤ በሰባት በስምንት ዓመት እንደገና ለመጥረቢያ ይደርሳል። ከቆራጩ የሚጠበቀው አንድ ጥንቃቄ ብቻ ነው፤ ሰያፍ መቁረጥ። አግድም ከተቆረጠ ዝናቡ ጉቶው ላይ ያቁርና ያበሰብሰዋል። ባጫ ይህን ሲነግረኝ መዳፉን አጋድሎ ያሳየኝ ነበር። ቀራንዮ ያደገ ሰው እንጨት ሲቆርጥ ለምን አያዝንም ቢባል መልሱ ይኸው ነው። ያጠፋው ነገር የለማ።

ባሕር ኃይል ሲቋቋም ሃያ ስምንት ዓመቱ ነበር፤ ተመዘገበ። ባሕር አይቶ አያውቅም። ምጽዋ ወርዶ የሞተር ክፍል ሠራተኛ ሆነ፤ የሞተሩን ጩኸትና የምጽዋን ሙቀት አንድ ላይ ሦስት ዓመት ተሸከማቸው። በ1951 ዓ.ም. ከጥቂት ጓደኞቹ ጋር ለትምህርት ወደ ኖርዌይ ተላከ። ስለዚያ አገር ሲያወራ ስለ ሕንፃው አያነሳም። የሚያነሳው ባሕሩን ነው። በተራሮች መካከል ሰርጎ የገባ፣ ጠባብና ጥልቅ ባሕር ነው። እንጦጦን ከወዲህ፣ ሌላ እንጦጦ ከወዲያ አድርግና መካከሉን እስከ ጉልበታቸው ውሃ ሙላው፣ ይለኝ ነበር፤ ታች ምን እንዳለ ፀሐይም አታውቀውም። ብርዱን ሲጠይቁት የቀራንዮ ውርጭ እዚያ ቢሄድ በጋ መጣ ብለው ልብስ ያወልቁ ነበር ይላል። ጮክ ብሎ ነው የሚያወራው። ሞተሩ ጆሮውን ጎድቶት ስለነበር ሌላውም ሰው ሁሉ የማይሰማ ይመስለው ነበር።

ያረፈበት ቤት ሴትዮ አንድ ሽማግሌ አባት ነበሯት፤ ዓሣ አጥማጅ ናቸው። ብዙ መንጠቆ የተንጠለጠለበት ረጅም ገመድ ጥልቁ ውስጥ ይጥሉና በማግስቱ በትንሽ ሞተር እየጎተቱ ያወጡታል። ሞተሯ አስቸገረቻቸው። ባጫ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ፈታታት፣ አጠባት፣ ገጠማት። ሽማግሌው ምስጋናቸውን የገለጹት እሑድ ጠዋት ጀልባቸው ላይ አስቀምጠው ይዘውት በመውጣት ነው። የሁለቱም እንግሊዝኛ የተሰባበረ ነበር፤ ስብራቱ ግን የተለያየ ስለሆነ እንደምንም ይግባባሉ።

የዚያን ቀን ገመዱ ከግማሹ ላይ ያዘ። ሽማግሌው እጃቸውን ገመዱ ላይ አድርገው ትንሽ አዳመጡትና ቢላቸውን አወጡ።

«እንቁረጠው» አሉ። «ዛፉ ነው የያዘው።»

ከታች፣ ሁለት መቶ ሜትር በሚሆን ጥልቀት፣ ዛፍ የመሰለ ነገር እንዳለ አስረዱት። ዓሦቹ በዙሪያው ስለሚሰበሰቡ አጥማጆቹ ቦታውን ያውቁታል፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ጫፍና ከአንድ ገደል አንጻር እየለኩ ያገኙታል። ለእሳቸው ያሳዩአቸው አባታቸው ናቸው። ለአባታቸው ደግሞ አባታቸው። ገመድ ሲይዝ መንጠቆው ይቅር ተብሎ ይቆረጣል እንጂ ዛፉ አይጎተትም።

ባጫ ግን ትናንት በእጁ የጠገናት ሞተር ነበረችው። ትችላለች አላቸው። እሳቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። እሱ ሳቀ።

«አባባ፣ አይዘኑ» አላቸው። «ያቆጠቁጣል። እኛ አገር አንዱን ስንቆርጥ አራት ነው የሚበቅለው።»

ይህን ንግግር ቢያንስ ሃያ ጊዜ ነግሮኛል፤ አንድም ቀን ቃሉን ለውጦት አያውቅም። ሞተሯን አስነሳት። ጀልባዋ ወደ አንድ ጎን ተጋደለች፤ ገመዱ ጠበቀ፤ ከዚያ ድንገት ላላ። ድምፅ አልሰማም። ላላ ብቻ ነው ያለው።

የወጣው ነገር ቆሞ ቢታይ ከሰው ወገብ በላይ ነው። ቀለሙ በብርቱካንና በሮዝ መካከል፣ ቅርንጫፉ ብዙ፣ ቅርንጫፎቹም ከላይ እስከ ታች ሩዝ በሚያህሉ ፍሬዎች ተሸፍነዋል፤ ፍሬዎቹ ሁሉ አፋቸውን ወደ ታች ደፍተዋል። አንደኛው ቅርንጫፍ ላይ ሸረሪት የሚመስል ባለ ረጃጅም እግር ፍጥረት ተጠምጥሞ ነበር፤ ቤቱ ፈርሶም አልለቀቀም። ባጫ አንዱን ቅርንጫፍ ባልዲ ውስጥ ከባሕሩ ውሃ ጋር ከተተው። ጥቂት ቆይቶ ከፍሬዎቹ አንዳንዶቹ ተከፈቱ፤ እያንዳንዳቸው ስምንት ትንንሽ ጣት ነበራቸው። እንቡጥ መሰለው። ወደቡ ሳይደርሱ ተከደኑ፤ ከዚያ በኋላ አልተከፈቱም።

ሽማግሌው የተረፈውን ገመድ ጠቅልለው ጀልባዋን ወደ ወደቡ መለሷት። ከጀልባው ሲወርድ «ውሰደው» ብቻ አሉት። በሚቀጥለው እሑድ ባጫ ተዘጋጅቶ ቢጠብቃቸው፣ ሞተሯ ደህና ናት ብለው ብቻቸውን ወጡ። ቅር አለው። ቢሆንም የሽማግሌ አመል ነው ብሎ ተወው። ዛፉን አድርቆ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ፣ በመርከብ ወደ አገሩ ይዞት መጣ።

በ1957 ጆሮው ለሥራ አልሆን ሲል ባሕር ኃይሉን ለቀቀ። ኮልፌ ሁለት ክፍል ቤት ሠራ፤ ሰርኬ የምትባለውን ሚስቱን አገባ፤ ልጅ አልወለዱም። ከከተማው ኮሌጆች በአንዱ፣ በሥነ ሕይወት ክፍል፣ ወለል ጠራጊ ሆኖ ተቀጠረ። አንድ ቀን ጨርቁን ፈትቶ ዛፉን ለክፍሉ ሰጠ። የክፍሉ ኃላፊ የነበሩት የውጭ አገር ፕሮፌሰር ከመደሰታቸው የተነሳ ከእሱ ጋር ፎቶ ተነሡ። መስታወት ሣጥን ተሠራለት። ከሥሩ ካርድ ተቀመጠ፤ ከላይ ማንም የማይናገረው ረጅም የሳይንስ ስም፣ ከታች በእንግሊዝኛና በአማርኛ «አቶ ባጫ ጉደታ በስጦታ የሰጠው» ተብሎ ተጻፈበት። ባጫም መጥረጊያውን አስረክቦ የናሙና ክፍሉን ቁልፍ ተረከበ። ለጎብኚ ሲያስረዱ «ይህን ያመጣው ይኸው እሱ ነው» እያሉ ያሳዩት ነበር። ኮልፌ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ሰዎች «ባሕሩ እንዴት አደረ?» እያሉ ያፌዙበታል፤ እሱም ቀዝቅዟል ይላቸዋል። ሰርኬ ዘመድ ከሩቅ ሲመጣባት ኮሌጁ ድረስ ወስዳ ካርዱን ታስነብብ ነበር።

እኔ ኮልፌ የባጫ ግቢ የገባሁት በ1961 ነው። የዚያው የሥነ ሕይወት ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ሣጥኑን በቀን ሁለት ጊዜ አልፈው ነበር።

አሁን የማወራው በ1963 የሆነውን ነው። ጎረቤታችን ዙሀራ መርካቶ ዶቃ ትሸጥ ነበር፤ ሥራውን ከእናቷ ነው የወረሰችው። ባጫ ከዛፉ የቀረችውን አንዲት ጭራሮ በራፉ ላይ በምስማር ሰቅሏት ስለነበር ዙሀራ ባለፈች ቁጥር ዓይኗን ትጥልባታለች። መርጃን ናት ብላ ጠርጥራለች፤ ከባሕር የሚወጣውን፣ ቀይ ዶቃ የሚሠራበትን ማለቷ ነው።

«አንተ ባጫ፣ ይችን መርጃን መቼ ነው የምትሰጠኝ?»

«ዛፍ ናት አልኩሽ።»

«ዛፍ ከሆነች ምን አሰሰተህ? ግቢህ ሙሉ ዛፍ አይደል?»

አንድ ቅዳሜ ተሸነፈላትና አወረደላት። የዶቃ ነጋዴዎች ዕቃ ሲገዙ በሻጩ አፍ አያምኑም። መርፌ በእሳት ያግሉና ዶቃው ላይ ጫን ያደርጉታል። ድንጋይ ከሆነ ምንም አይሆንም፤ ፕላስቲክ ከሆነ ይቀልጣል፤ እንጨት የእንጨት ጢስ ይጨሳል። ዙሀራ መርፌዋን ከነጠላዋ ጫፍ ነቅላ ከሰል ላይ አጋለችና ጭራሮዋን ነካቻት። አሸተተች። እንደገና ነካቻት፤ እንደገና አሸተተች። ከዚያ ለባጫ አቀበለችው።

«መርጃን አይደለም» አለች። «እንጨትም አይደለም። አሽትተው። ፀጉር ሲቃጠል የሚሸተው ነው። ቀንድ እንዲህ ይሸታል፣ ጥፍርም እንዲህ ይሸታል። ይሄ ነፍስ የነበረው ነገር ነው።»

ባጫ ሳቀባት። እኔ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ለፈተና እያጠናሁ ነበር፤ ቀና ሳልል ተናገርኩ።

«እውነቷን ነው ጋሼ። እንስሳ ነው እኮ።»

«ምኑ?»

«ያመጡት። ኮራል ነው። ዛፍ ይመስላል እንጂ እንስሳ ነው።»

«አንተ ታውቅ ነበር?»

«ሁሉም ያውቃል» አልኩት። «ካርዱ ላይ ተጽፏል።»

ከተናገርኳቸው ነገሮች ሁሉ መልሼ ብውጠው የምመኘው ይህን ነው። ካርዱን በየሳምንቱ የሚወለውለው እሱ ነበር። ያ ረጅም ስም ምን ማለት እንደሆነ ከክፍሉ ውስጥ ያልተነገረው ሰው ቢኖር እሱ ብቻ ነበር። ማንም ሊደብቀው አላሰበም፤ የናሙና ጠባቂው ይጠይቃል ብሎ ያሰበ ሰው ስላልነበረ ነው። እኔም እዚያው ግቢ እያደርኩ አላሰብኩም።

ዙሀራ መርፌዋን መልሳ ነጠላዋ ላይ ሰካች። የባጫን ፊት አይታ ቀልዷን አቆመች። እሱ ጭራሮዋን በመዳፉ እንደያዘ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

«እንስሳ ከሆነ ያቆጠቁጣል?»

አላውቅም፣ አነባለሁ አልኩት። ሰኞ ከቤተ መጻሕፍት አንድ ወፍራም መጽሐፍ ተውሼ መጣሁና ያለውን እየተረጎምኩ አነበብኩለት። ጎርጎኒያ ከሚባሉት የኮራል ወገኖች ነው። የሚኖረው ብርሃን በማይደርስበት፣ ክረምት ከበጋ እኩል በሚቀዘቅዝ ውሃ ውስጥ ነው። ቅጠል የለውም፤ ከፀሐይ የሚያገኘው ነገር የለም። ጠንካራ ድንጋይ ፈልጎ ይጣበቅና የውሃው ጅረት የሚያመጣለትን ይጠብቃል። እነዚያ ሩዝ የሚያህሉት እያንዳንዳቸው አፍ ናቸው፤ በሺህ የሚቆጠሩ አፎች በአንድ አጥንት ላይ ተቀምጠው አንዱ የያዘውን ሌላውም ይበላዋል። ብርዱን ከወሰዱበት ይሞታል። ዝምታውንና ጨለማውን አይጠላም፤ ዕድሜውን የሚሰጡት እነሱ ናቸው። ይህ የመጨረሻው ከመጽሐፉ አልነበረም፤ እኔ ነኝ የጨመርኩት፤ ወጣት ነበርኩ።

ባጫ የጨመርኩትን አልሰማኝም።

«ሥሩስ?»

«ሥር የለውም ጋሼ። ድንጋዩ ላይ የተጣበቀበት እግር ነው ያለው።»

«እግሩ ከእኔ ጋር መጥቷል» አለ። መዳፉን እንደ ልማዱ አጋደለ፤ ግን መልሶ ዘረጋው። «ሰያፍ እንኳ አልቆረጥኩትም። ነቀልኩት።»

በዚያው ሳምንት በምሳ ሰዓት የናሙና ክፍሉን ከውስጥ ቆልፎ ሣጥኑን ከፈተ። ከዛፉ እግር፣ የሕፃን ክንድ ከሚያህለው፣ በሴጌቶ አንዲት ስስ ቁራጭ ቆረጠ። ቢላ በሚስልበት ድንጋይ ላይ ውሃ እያደረገ ሦስት ቀን አሻት። መስታወት እስክትመስል ለሰለሰች። ከዚያ እኔን ጠራኝና በማጉያ መነጽር አሳየኝ። አባቱ ጉቶ ላይ ያሳየው የነበረ ዓይነት መስመር ነበረባት፤ ክብ በክብ ላይ፣ እጅግ ቀጭን፣ ከፀጉር የማይበልጥ። በመርፌ ጫፍ እየነካ ቆጠረ። ሁለት መቶ አሥራ አራት። ሲደግመው ሁለት መቶ ዘጠኝ፤ ሲሠልሰው ሁለት መቶ ሃያ አንድ።

ፕሮፌሰሩ ዘንድ ወሰዳት። ደግ ሰው ነበሩ፤ ሣጥኑን ለምን ከፈትክ አላሉትም። መስመሮቹ ዓመት ለመሆናቸው ግን ማረጋገጫ የለም፣ እንዲህ ያለ ነገር ገና አልተጠናም አሉት። ታዲያ ዓመት ካልሆኑ ምንድን ናቸው ብሎ ጠየቃቸው። አላውቅም አሉ። ሠላሳ ዓመት አልፎ በሌላ አገር ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ስለ እነዚህ ኮራሎች የተጻፈ አንድ ጥናት እጄ ገባ፤ መስመሮቹ ዓመት ናቸው ይላል። በመርከብ መረብ የተጠረገበት የባሕር ወለል ከብዙ ዓመት በኋላ በካሜራ ሲታይ ባዶውን እንደነበረም ይላል። ባጫ ትክክል ነበር። ልነግረው የምችልበት ጊዜ አልፎ ነበር።

መለኪያውን ያሳየኝ በዚያ ሰሞን ነው። ቁራጯን ብርሃን ላይ አድርጎ መርፌውን ዳር ላይ አስቀመጠና ወደ ውስጥ አርባ ሦስት መስመር ቆጠረ፤ ያኔ ዕድሜው አርባ ሦስት ነበር።

«ይሄ እኔ ነኝ» አለ።

ከሩቅ ካየኸው ምንም አይደለም። የስንዴ ፍሬ ቢያስቀምጡበት ይሸፍነዋል። ከዚያ የአባቱን ቆጠረ፤ ከዚያ የአያቱን በግምት። መርፌው ገና ግማሽ መንገድ እንኳ አልደረሰም። ከዚህ ወዲያ የማውቀው ሰው የለም አለና እጁን አነሳ። መካከሉ ድረስ ሰፊ ቦታ ቀርቶ ነበር። ይህን ሁሉ ለማውጣት ስንት ደቂቃ ፈጀ ብዬ ጠየቅኩት። ሩብ ሰዓት አይሞላም አለኝ።

አንድ ቀን ፕሮፌሰሩ የመድኃኒት ማስቀመጫውን ማቀዝቀዣ ሲከፍቱ ቁራጯን ከጠርሙሶቹ መካከል አገኟት። ባጫ ያስቀመጣት እሱ መሆኑን አልካደም። ቅዝቃዜው ያው ነው አላቸው፤ እንደሞተች አውቃለሁ፣ ለእሷ ብዬ አይደለም። ለማን እንደሆነ አልጠየቁትም።

ከዚያ በኋላ ነው ልመናውን የጀመረው። ካርዱ እንዲለወጥለት ፈለገ። ሰጠሁ ማለት ውሸት ነው፤ የእኔ ያልነበረ፣ ሰዎቹ ከአባት ወደ ልጅ እየተቀባበሉ ያቆዩትን ነቅዬ ነው ያመጣሁት፤ ካርዱ ይህን ይበል። ፕሮፌሰሩ ቢሮ ገብቶ እንደ ልማዱ በጩኸት ስለተናገረ ኮሪደሩ በሙሉ ሰማው። ተማሪዎች ሳቁ። ፕሮፌሰሩ ትሕትናውን አደነቁ። ሳይንስ የሚያድገው እንዲህ ባሉ ሰዎች ስጦታ ነው ብለው ትከሻውን መታ መታ አድርገው ሸኙት። ስጦታ የሚለውን ቃል ደግመው ስለተናገሩት ከገባበት የባሰ ሆኖ ወጣ።

ወደ ንብረት ክፍሉ ኃላፊ ወደ አቶ ጌታሁን ሄደ። አቶ ጌታሁን መዝገቡን ገልጦ አሳየው።

«ጋሽ ባጫ፣ ይኸው በስጦታ ገቢ ሆኗል። ገቢ የሆነ ነገር ተሰርዞ አያውቅም። ደግሞ ቆረጠ ብዬ ብጽፍ ነገ ተቆጣጣሪ መጥቶ ማን ፈቅዶለት ቆረጠ ቢለኝ ምን እላለሁ? ሰው ስሙን ለማስጻፍ ደጅ ይጠናል፣ እርስዎ ደግሞ ለማስወቀስ ይደክማሉ።»

የሣጥኑ ቁልፍ ባጫ ጋ ነበር፤ እጽፋለሁ ቢል ሌላ ካርድ ጽፎ ማስቀመጥ ይችል ነበር። ለምን አያደርጉትም አልኩት። እኔ ከጻፍኩት የእኔ ወሬ ነው አለኝ፤ መሥሪያ ቤቱ ሲጽፈው ነው እውነት የሚሆነው። ይህን አስተሳሰብ ብዙ አሰላስዬዋለሁ። በደሉን የሚያውቅለት ሰው አልነበረም። ሽማግሌው ሳይሞቱ አይቀሩም፤ ስማቸውን እንኳ ጽፎ አልያዘም። የሚቀጣው ሕግ የለም። ተናዞ ይፈታ እንዳይባል፣ ንስሐ አባቱ የነገራቸውን ሰምተው የባሕር እንጨት ስለሰበርክ አትጨነቅ ብለው አሰናብተውታል። የቀረችው ያቺ ካርድ ብቻ ናት። ጥፋቱ በዓለም ላይ አንድ ቦታ በእውነተኛ ስሙ ተጠርቶ ቢቀመጥ ይበቃው ነበር።

በ1965 ተመርቄ በዚያው ክፍል ረዳት አስተማሪ ሆንኩ። የናሙናዎቹ ካርድ ሁሉ በእኔ ኃላፊነት ሥር ገባ። ባጫ ይህን የሰማ ዕለት በጣም ደስ አለው፤ ምን እንደሚያስደስተው አውቄአለሁ። ያን ሰሞን አንድ ጠዋት ሰርኬ ክፍሌን አንኳኳች። ብዙ ቃል የምታባክን ሴት አልነበረችም። በሩ ላይ ቆማ ተናገረች።

«ካርዱን እንዳትነካው ልለምንህ ነው የመጣሁት።»

«እሱ እኮ ነው የሚፈልገው» አልኳት።

«እሱ ብዙ ነገር ይፈልጋል። ዳኛቸው፣ እኛ ልጅ የለንም። ይሄ ቤት ነገ የማን እንደሚሆን አላውቅም። ስሙ ተጽፎ የሚገኘው እዚያ ብቻ ነው። ሰጠ ተብሎ ተጽፏል። አጠፋ ተብሎ ይጻፍ ትለኛለህ?»

አልልም አልኳት። ባጫ ሲጠይቀኝ ደግሞ እሺ እያልኩ አቆየሁት። የጽሕፈት መኪናው ተበላሽቷል፤ ፈተና ደርሷል፤ ፕሮፌሰሩ ዕረፍት ላይ ናቸው። ሁለት ሰው በአንድ ካርድ ላይ ሁለት የማይታረቅ ነገር ሲለምንህ ዝም ማለት የፍርድ ያህል ይሆናል፤ ለአንዱ ወገን እየፈረድክ ያልፈረድክ ይመስልሃል። ይህን ለመረዳት የፍልስፍና ትምህርት አያስፈልግም ነበር፤ ያስፈልግ የነበረው ጥቂት ድፍረት ነው።

1966 መጣ። ከተማው ተናወጠ፤ ኮሌጁ አንድ ሳምንት ቢከፈት ሁለት ሳምንት ይዘጋል። ባጫ በጉበቱ ታሞ ተኛ፤ ፊቱ ቢጫ ሆነ። ድምፁ ግን አልቀነሰም፤ ከአልጋው ሆኖ የሚናገረውን ዙሀራ ከግቢዋ ትመልስለት ነበር። ጭራሮዋን ሰርኬ ከበራፉ አውርዳ ራስጌው አስቀመጠችለት። ዙሀራ ሾርባ ይዛ ስትመጣ፣ መርፌሽን ይዘሽ ነው የመጣሽው ብሎ ይነካካታል። አንተን ብነካህ ምን እንደምትሸት አውቀዋለሁ ትለዋለች። ያቺን መርፌ ግን በሱ ፊት ዳግመኛ ከነጠላዋ ስትነቅል አላየኋትም።

በሰኔ ሞተ። ቀራንዮ መድኃኔ ዓለም ተቀበረ፤ አባቱ ሲቆርጥ ከነበረበት ቦታ ብዙ አይርቅም፤ ከቅጥሩ ባሻገር ካሉት ጉቶዎች አዲስ ቀንበጥ ወጥቶ ነበር። ከኮሌጁ የተላከ ሰው የሕይወት ታሪኩን አነበበ። ብርቅ የባሕር ሀብት ለአገሩ ያበረከተ ተባለ። ሰርኬ በዚህ ጊዜ ቀና አለች። እኔ ወረቀቱን አውቀው ነበር፤ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ሣጥኑ ከዚያ በኋላ ሕንፃ ሲለወጥ፣ ክፍል ሲዘዋወር ከአንዱ ወደ አንዱ ሲሄድ ቆይቶ ከዓይኔ ጠፋ። ካርዱ እስከማውቀው ድረስ እንደነበረ ነበር። ሰርኬም ከአሥር ዓመት በኋላ ሞተች፤ ከዚያ ወዲያ ካርዱን ላለመለወጥ ምክንያት አልነበረኝም፤ ያኔ ግን ከአገር ወጥቼ ነበር፤ ስመለስም አልፈለግኩትም። ቁራጯ እኔ ጋ ናት። በመሳቢያዬ ውስጥ፣ አሮጌ የመነጽር ማኅደር ውስጥ ናት። አንዳንድ ጊዜ አውጥቼ የራሴን እቆጥራለሁ፤ ዓይኔ ስለደከመ አልጨርሰውም።

ሊሞት አራት ቀን ሲቀረው ብቻችንን ነበርን። ሰርኬ ውሃ ልትቀዳ ወጥታለች። ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲናገር ሰማሁት፤ እሷ እንዳትሰማ ነበር። ሰርኬ ክፍሌ ድረስ መጥታ የለመነችኝን ያውቅ ኖሯል። ካርዷን አሁንም አልረሳኋትም አለኝ። አንገቴን ደፋሁ። እጄን ያዘ።

«ስሜን አታጥፉት» አለኝ። «ስሜ ይቆይ፣ ሰርኬም ደስ ይበላት። ‹የሰጠው› የምትለዋን ብቻ አውጡና ‹የቆረጠው› ብላችሁ አስገቡበት።»